ንብ የመረጠው ሳሎን

ቤት የሚሠራ ሰው መካሪ አያጣም። መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ አናጺ ይሆንልሃል። እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ ደግሞ ምክሩ ያው አንድ ነው፤ «ሳሎኑን አስፋው!» ለምን ብትሉ፣ ለእንግዳ። ባለቤቱማ ማድ ቤት ተጣቦ ይኖራል፤ ሳሎኑ እንግዳ እስኪመጣ ተቆልፎ ይከርማል።

እኔም አስተማሪ ብሆን ከሰው አልወጣሁም። ባለቤቴ ግን «መሀሉ ክፍት ግቢ ይሁን፤ ክፍሎቹ ይክበቡት። ነፋሱም አያግኘን፣ መሀል ላይ የቆመው የኮሶ ዛፍም አይቆረጥ» ብላ ድርቅ አለች። ተሟገትን፣ ተኳረፍን፤ በመጨረሻ ግቢው የእሷ፣ ሳሎኑ የእኔ ሆነና ታረቅን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤቱን የሠራሁት ለአባቴ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ስማዳ ገጠር ብቻቸውን ናቸው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር «ወድቀው ይሆን?» እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ቤቱ እንዳለቀ አመጣኋቸው። ኮሶውን ዳሰስ አደረጉ፣ ሳሎኑን ከበር ላይ አዩና «መልካም ነው። እሑድ እሳፈራለሁ» አሉ።

«ኧረ አባባ!»

«እዚህ ምን ሥራ አለኝ? ተቀምጬ ልጦር?»

ግድግዳ አቁሜ አባቴን ማስቀመጥ አቃተኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የንብ መንጋ ከየት መጣ ሳይባል ኮሶው ላይ ዞረ፣ ዞረና በተከፈተው መስኮት ገብቶ የሳሎኔ ኮርኒስ ውስጥ ሰፈረ። ከአዲሱ ሶፋዬ በላይ! ጉድ ፈላ ብዬ መርዝ ልገዛ ስነሣ አባቴ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ተገተሩ።

«አብደሃል? በገዛ ፈቃዱ ቤት የገባ ንብ ይባረራል? ገድ እኮ ነው!»

«ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?» አለች ባለቤቴ ለስለስ ብላ። «እኛ እንደሆን ማሩን መብላት እንጂ ሌላ አናውቅ።»

አባቴ ኮርኒሱን አዩ፤ እኛን አዩ። በእኛ እጅ የወደቀው ንብ ሳያሳዝናቸው አልቀረም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሶፋው ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ፣ ኮሶው ሥር ነው፤ እንግዳም የሚስተናገደው እዚያው ነው። ባለቤቴ «ብዬህ አልነበር?» አላለችም፤ ፊቷ ግን ይለዋል። ይበለው፣ ምን ቸገረኝ!

እሑድ ጠዋት ወደ ስማዳ የሚወስዳቸው መኪና ደጃፍ ላይ ጥሩንባውን ሲነፋ አባቴ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ቀፎ ይሠሩ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«ሂድ በለው» አሉኝ፣ «ሥራ ላይ ነኝ።»

እፎይ! ለሾፌሩ ስነግረው እንባዬ ቀደመኝ።