የሃምሳ ደቂቃ ደግነት

እኛ ሞት መደበቅ እንችልበታለን። ሌላ አገር ሰው ሲሞት ስልክ ይነሣና «ሞተ» ይባላል አሉ። እንዲህ ያለ ጭካኔ እኛ ዘንድ የለም። እኛ መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» እንላለን። ቀጥሎ «አይ፣ ደኅና ነው፣ አንተን ማየት ፈልጎ ነው እንጂ» እንላለን። ሰውየው መንገድ ላይ ሳለ ጎረቤት ይጠራራል፣ ድንኳኑ እንደተጠቀለለ ከሰው ግቢ ይቆያል፣ እንግዳው አድሮ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ አንድ ነገር ከቀመሰ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ለመርዶ ጥሩ ጊዜ ይጠበቅለታል። እናንተም ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ፤ ካልጠበቃችሁም ተጠብቆላችኋል። እኔም በዚህ ሙያ የማልታማ ሰው ነበርኩ።

ዲላ ላይ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የፕሮግራሚንግ ውድድር የሚባል ነገር አለ። ሦስት ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፣ አምስት ሰዓት ይሰጠዋል፣ እንቆቅልሽ የመሰለ ጥያቄ ይወርድለታል፤ መፍትሔውን ኮምፒውተሩ በሚገባው ቋንቋ ይጽፋል። አንድ ጥያቄ በተፈታ ቁጥር ወንበሩ ላይ አንድ ፊኛ ይታሰርለታል። አዎ፣ ፊኛ። ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ለፊኛ ሲጋደል ማየት የፈለገ ዲላ ይምጣ።

የእኔዎቹ ሦስቱ አገር አቀፉን አሸንፈው፣ ኢትዮጵያን ወክለው ከጎረቤት አገሮች ጋር በኢንተርኔት ይጋጠሙ ነበር። ባላንጣችን ኬንያ ናት። ሁለት ዓመት በተከታታይ በአንዲት ጥያቄ በልጠውናል። የእነሱ አለቃ ዋንጂሩ የምትባል ተማሪ ናት፤ የእኛው አንዋር ነው። ዓመቱን ሙሉ በስልክ ሲነካከሱ ይከርማሉ። «ዘንድሮስ የፊኛ ክር ገዛችሁ?» ብላ ትጽፍለታለች። ታዲያ አንድ ጥያቄ አልገባ ሲለው ሁለት ሰዓት ተቀምጣ የምታስረዳውም እሷው ናት። እንዲህ ያለ ጠላት ስንቱ ወዳጅ አይተካውም።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአንዋር አጎት ናቸው፣ ከጨለለቅቱ። የአንዋር አባት በአይሱዙ ቡና የሚያመላልሱ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውን ያስተማሩት በዚያ መኪና ነው።

«መምህር፣ ወንድሜ ሊነጋጋ ሲል አረፈ» አሉኝ። «ልጁን አባትህን ትንሽ አሟቸዋል በሉና ላኩልኝ። ከቀትር ሶላት በኋላ እንቀብራለን።»

አንዋር ለአባቱ አንድ ወንድ ልጅ ነው። መቃብር ወርዶ አባቱን ተቀብሎ የሚያሳርፈው እሱ ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን ምን አልኩ? «ልጁ ዛሬ የአገር ስም ይዟል። ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አባቱም ቢኖሩ ሳትጨርስ አትምጣ ነበር የሚሉት» አልኩ። የሞተ ሰው ምን እንደሚል መናገር ቀላል ነው። አጎትየው ከሰው ጋር ተማክረው ተመለሱ።

«እንግዲህ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት እንጠብቃለን። ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይቀበራል። ጀናዛ ከዚያ በላይ አናቆይም።»

አሰላሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልቅ መኪና በር ላይ ይቆማል። መንገዱ ሰዓት ከሩብ ነው። ዐሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን ማለት ነው፤ ሩብ ሰዓት ይተርፈናል። ለልጁ አዝኖ ነው የምትሉኝ ደጎች ካላችሁ፣ አይደለም። ዋንጫዋን ፈልጌ ነው።

አንዋር ገባ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ እንበላቸዋለን!» አለኝና አቀፈኝ። እኔም አቀፍኩት።

እስከ ሰባት ሰዓት አምስት ለአምስት ነበርን። ከዚያ ዝናቡ መጣና መብራት ሄደ፤ ኢንተርኔቱም ተከተለው። ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም። በውድድሩ ደንብ ደግሞ ሰዓት ማንንም አይጠብቅም። ልጆቼ ወረቀት አውጥተው በእርሳስ ሲጽፉ በመስኮት እያየሁ ውጭ ቆሜአለሁ። ያኔ ዋንጂሩ ደወለች።

«መብራት የሌለውን ሰው ማሸነፍ አያስደስተንም» አለች። «እጃችንን ከኪቦርድ አንሥተናል። ዳኞቹም መብራት እስኪመጣላችሁ ሰዓቱን ለሁላችንም ሊያቆሙ ተስማምተዋል። ብቻ ማብቂያው ይገፋል። ችግር አለባችሁ?»

እንግዲህ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው።

«የለብንም» አልኳት። አመሰገንኳትም።

መብራቱ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መጣ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። ጨለለቅቱ ደውዬ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ብዬ ለመንኩ። «መምህር፣ ሰው ቆሟል፤ ዝናቡም ወደዚህ እየመጣ ነው» አሉና አጎትየው ዘጉት። ከዚህ በኋላ እንኳ መንገድ ነበረኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአንዋር ወንበር ኋላ ቆምኩ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። ዞር ሳይል፣ «አንድ ደቂቃ ቲቸር፣ ይቺ አታመልጠኝም» አለኝ። እጄን አነሣሁ።

አላመለጠችውም። ኬንያዎች በለገሱን ደቂቃዎች ውስጥ ስድስተኛዋን ጥያቄ ፈታት፤ ጓደኞቹ እልል እያሉ ቀዩን ፊኛ ቦርሳው ላይ አሰሩለት። በአንዲት ጥያቄ በለጥናቸው።

መኪና ውስጥ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል» አልኩት። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። የዚህ አገር ልጅ አይደል፣ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ምን እንደምትል ያውቃል። እስከ ይርጋጨፌ ድረስ ቤት ሲደውል ማንም አላነሣለትም። ከዚያ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ጨለለቅቱ ስንደርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ሰዉ አካፋውን ይዞ በጭቃ እግሩ ከቀብር እየተመለሰ ነው። አንዋር ከመኪናው ወረደ፤ ቀዩ ፊኛም ከቦርሳው ጋር አብሮት ወረደ። ለቀስተኛው ሁሉ ፊኛውን ያያል። ሮጬ ክሩን ልፈታ ብል ቋጠሮው እምቢ አለኝ፤ ጎትቼ በጠስኩት። አልፈነዳም፣ እዚያው ጭቃው ላይ ቀረ። እሱ ልብ ያለውም አይመስለኝም። ሄዶ እርጥቡ አፈር አጠገብ ተንበረከከ፣ አንድ እፍኝ ዘግኖ በተደፈነው ላይ ጨመረ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ቲቸር፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሰሙት?»

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

ሲያሰላ አየሁት። ፈጣን ልጅ ነው። ትምህርቱን ትቶ ዛሬ የአባቱን አይሱዙ ይነዳል፤ ዲላ መንገድ ላይ ስንተላለፍ ጡሩንባ እንኳ አያሰማኝም።

ዋንጫው መጣ። ከሱ ጋር ለሁለቱም ቡድን የመልካም ውድድር ምስክር ወረቀት ተልኮ ነበር፤ የእኛው ላይ የአሠልጣኙ ስም በትልቁ ተጽፏል። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ባለፈው ወር ዋንጂሩ ጻፈችልኝ። አንዋር ቀብር እንዳልደረሰ ነግሯታል፤ መርዶውን ማን ይዞት እንደዋለ ግን አልነገራትም። ጡሩንባ እንኳ የማያሰማኝ ልጅ እንዲህ ይሸፍነኛል። «ያን ሃምሳ ደቂቃ ባንሰጣችሁ ኖሮ አባቱን ይቀብር ነበር። ሳናውቅ በደልነው፤ ይቅር በሉን» ትላለች። ዘንድሮ አትወዳደርም አሉ። ኪቦርድ ፊት ስትቀመጥ እሱ ይመጣባታል።

እውነቱን ልነግራት ይገባል። እነግራታለሁም። ጥሩ ጊዜ እየጠበቅሁ ነው።