ቆይ ልሙትና

እናንተዬ፣ ጌም ወዳጅ ገጥሟችሁ ያውቃል? ኳስ የሚጫወተውን አላልኩም፣ እሱ ጤነኛ ነው። ያንን ሰይፍና ዘንዶ ያለበትን፣ በየደቂቃው የሚሞቱበትን ጌም የሚወደውን ነው የምላችሁ። መቶ ጊዜ ሞቶ «ምርጥ ጌም!» የሚል ሰው ምን ይባላል?

ሐዋሳ ፒያሳ፣ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሲቪዬን ፕሪንት ላስደርግ ገባሁ። ማመልከቻ የሚቀበለው ቢሮ አስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ግማሽ ሰዓት ቀርቶኛል። ፕሪንተር ያለው ኮምፒውተር ላይ ባለቤቱ ታምሩ ዘንዶ ይወጋል። ከኋላው አምስት ጎረምሶች ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል።

«ታምሩ፣ አንዴ አቁመውና አውጣልኝ።»

«ይሄ ጌም አይቆምም እህቴ። ቆይ፣ ልሙትና አወጣልሻለሁ።»

በቀን ሃያ ጊዜ የሚሞት ሰው ያን ቀን አልሞትም አለ! ቁጭ ብዬ ሞቱን ጠበቅኩ። ስነጫነጭ ጎረምሶቹ «ዝም በያ፣ ታዘናጊዋለሽ!» ብለው ተቆጡኝ። የዘንዶው ነፍስ ሊያልቅ ሲል ግን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «በኋላው ዙር እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞረ። ዘንዶው ወደቀ። ሁላችንም ተቃቅፈን ዘለልን።

«ስንት ኮፒ ላውጣልሽ?» አለኝ ታምሩ፣ ላቡን እየጠረገ።

አስራ አንድ ከሩብ ሆኗል። አሁን እናቴ «ማመልከቻውን አስገባሽ?» ስትለኝ ምን ልበላት? «ዘንዶውን ገደልነው» ልበላት?