ለቁንጫ የተገዛ ሌንስ

የሰው ልጅ አጠገቡ ያለውን ነገር ማየት አይወድም። ካላዩበት ዓይን ግንባር ነው ይባላል፤ እኔ ደግሞ ልጨምርበትና፣ ሩቅ ሩቁን ብቻ የሚያይ ዓይንም ከግንባር እምብዛም አይሻልም። ካላመናችሁኝ እዚህ ላሊበላ ኑና ቆማችሁ ታዘቡ። እንግዳው ሁሉ ዘነዘና የሚያክል ሌንስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል፣ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ይቆማል፣ ከላይ ወደ ታች ያነሳል፣ ይሄዳል። ቀጥሎ የመጣው እዚያው የቆመበት ላይ ቆሞ ያንኑ ያነሳል። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ እንጀራዬ ነው። ግን ዓለም በሙሉ ተሰልፎ ያነሳውን አለት እኔ ደግሜ ባነሳው ምን እጨምርበታለሁ? ትልቅ ትልቁ ነገር ተይዟል፣ ለእኔ የቀረኝ ትንሹ ነው አልኩና ማክሮ ሌንስ ለመግዛት ቆረጥኩ።

ማክሮ ሌንስ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ጉንዳንን በሬ አሳክሎ የሚያሳይ ሌንስ ነው። ከዚህ በፊት በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠራው ሐሜት ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ካሜራ ለሚሸጥ ነጋዴ ደወልኩ። አጭርም ረጅምም አለኝ አለ። አጭሩን ከመረጥክ የምታነሳው ነገር አፍንጫ ሥር መግባት አለብህ፣ ረጅሙን ከያዝክ ግን ራቅ ብለህ፣ ሳታስደነግጠው ታነሳዋለህ ብሎ አስረዳኝ። ከዚያ እንደ ዳኛ ድምፁን ጠረግ አደረገና የምታነሳው ነገር ይቆማል ወይስ ይሸሻል ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ኮራ ብዬ፣ አበባ ነው፣ የመስቀል ቅርጽ ነው፣ የብራና ላይ ሐረግ ነው፣ እኛ ላስታዎች ዘንድ የሚሸሽ ነገር የለም አልኩት። ደግሞስ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አይደል የሚባለው? አጭሩን ላክልኝ አልኩ። ይህን የሚያህል ውሳኔ በተረት ይወሰናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ትዳሬንም የወሰንኩት እንደዚያው ነው። ሌንሱም በወልድያ በኩል፣ በሚኒባስ፣ ጋቢ ተጠቅልሎ በሰላም ገባ።

ሱቄን ያከራዩኝ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ከሱቁ ጀርባ ለገና እንግዶች የሚያከራዩዋቸው ጥቂት ክፍሎች አሏቸው። ገና ሲመጣ ክፍሎቹ ከሞሉ ዓመቱን ሙሉ እፎይ ይላሉ፤ ባዶ ካደሩ ግን ዓመቱ ይከብዳቸዋል። ዘንድሮ ግድግዳውን ቀለም አስቀብተው፣ አዲስ አንሶላ አንጥፈው ሲጠብቁ፣ የአንድ መንፈሳዊ ጉዞ ማኅበር አስተባባሪ የሆኑ አቶ ጌታሁን የሚባሉ ሰው ማደሪያ ሊመርጡ ከአዲስ አበባ ቀድመው መጡ። ቤቱን ከወደዱት ማኅበሩ ክፍሎቹን በሙሉ ሊይዝ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ስለት ሳይሳሉ አልቀሩም።

አቶ ጌታሁን ቀኑን አብያተ ክርስቲያናቱን ሲሳለሙ ዋሉ፣ ከክፍሎቹ በአንዱ አደሩና ጠዋት እያከኩ ወጡ። ይቅርታዎን እናቴ፣ አልጋው ቁንጫ አለበት፣ ማኅበርተኛውን እዚህ አላሳድርም አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ደረታቸውን ያዙ። አንሶላውን በእጃቸው ያፈሉ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሲያገላብጡ የሰነበቱ ሴት ናቸው፣ እንዴት ይህ ይባላሉ?

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከእኔ ሰማን እንዳትሉ እንጂ። ጫማውን አውልቆ ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ላይ ሲያስቀድስ የቆየ ሰው በካልሲው ምን ይዞ እንደሚወጣ ላሊበላ ውስጥ የማያውቅ የለም። አቶ ጌታሁን ያውቃሉ፣ እትዬ ጥሩወርቅም ያውቃሉ። ግን ማን ደፍሮ ይናገር? የቅዱሱ ቤት ቁንጫ በላኝ የሚል ምእመን፣ ከዚያ ነው የመጣችው የሚል የላሊበላ ሰው ገና አልተወለደም። ስለዚህ ቁንጫይቱ አገር አልባ ሆና በሁለቱ መካከል ቀረች። አቶ ጌታሁን ከአልጋዎ ናት ይላሉ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ይዘዋት መጥተው ነው ይላሉ።

በላስታ ባለቤቷ ያከራከረ በግ በምልክቷ ትለያለች፤ ሽማግሌ ፊት ትቀርባለች፣ ጆሮዋ ይታያል፣ ፊቷ ይታያል። እትዬ ጥሩወርቅም ይኸው ትዝ አላቸውና ወደ ሱቁ ተጣሩ። "አንተ ልጅ! ያን ትንሹን የሚያተልቅ መነጥርህን አምጣው እስቲ፣ የማን እንደሆነች መልኳን እንያት!"

እኔስ ብትሉ? ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሌንሴ ሥራ አገኘ። ተፈላልጋ ከአንሶላው ላይ ተገኘች። በአጭሩ ሌንስ ማንሳት ግን አፍንጫ ሥር መግባት አይደል? ጎንበስ ስል ጥላዬ አረፈባት፣ ዘለለች። ደግሜ ጎንበስ ስል ወደ እጅጌዬ ዘለለች። ላስታ ውስጥ የሚሸሽ ነገር የለም ያልኩት ሰውዬ አልጋ ለአልጋ ዳከርኩ። በመጨረሻ እትዬ ጥሩወርቅ ሳሙና በውሃ አርሰው መጡና ከላይዋ ጫን ሲያደርጉት ሳሙናው ላይ ተጣብቃ ቀረች። ያኔ እንደ ሙሽራ ተረጋግታ ተነሳችልኝ።

ፎቶውን ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ወይ ጉድ! ደረት አላት፣ ጡንቻ አላት፣ እግሯ ላይ የቆመው ፀጉር ራሱ ያስፈራል። አቶ ጌታሁን አማተቡ። እትዬ ጥሩወርቅ ጠጋ ብለው ከራሷ እስከ እግሯ መረመሯትና በድል አድራጊነት ወደ እንግዳው ዞሩ። ቅዱስ ላሊበላ ምስክሬ ነው፣ እድሜዬን ሙሉ ይችን የምታክል ቁንጫ አይቼ አላውቅም፣ የአገራችን ቁንጫ ደቃቃ ናት፣ ይች ከተማ በልታ ያደገች ናት፣ የእርስዎ ናት አሉ።

አቶ ጌታሁን አዩኝ። ስለ ሌንስ የሚያስረዳ አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ቢኖር እኔ ነበርኩ። ባስረዳ ክፍሎቹ ለገና ባዶ ሊያድሩ ነው፣ ዝም ብል ሙያዬን መካዴ ነው። ሌንሴን መወልወል ጀመርኩ። አቶ ጌታሁን ከንፈራቸውን ነክሰው ትንሽ ታገሉና አልቻሉም፣ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሺ እናቴ፣ ተረታሁ፣ የኔው ናት፣ ክፍሎቹን በሙሉ ለማኅበሩ ይያዙልኝ አሉ። ከደስታዬ ብዛት ሳሙናውን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን አልሳቁም። ቴሌቪዥኑን እንደገና ገልመጥ አድርገው፣ ክፍሉንስ እሰጣለሁ፣ ብቻ ለማኅበርተኛዎ አጥብቀው ይንገሩልኝ፣ ሲመጡ ቁንጫቸውን እዚያው አዲስ አበባ ትተው ይምጡ አሉ፤ "ይህን የሚያክል አውሬ እዚህ ቤት ከገባማ፣ የኔዎቹን ይጨርስብኛል።"