አክስቴ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ዕለት

እኛ አገር ሰው ችግሩን መናገር አይወድም። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሰውዬ በቅሎ ረግጣቸው ተኝተው፣ ሊጠይቅ ለመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይሉ ነበር። «እግርዎስ?» ሲባሉ፣ «እሱማ ተሰብሯል» ይላሉ። የሌላ ሰው እግር ይመስል!

እኔስ የማን አገር ልጅ ነኝ?

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ፈተና ሲቃረብ አባየ ታመሙ። ቤታችን ከጅጋ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ፍኖተ ሰላም ወስደን አስተኛናቸው፤ ሆዳቸው በቀዶ ሕክምና ተከፈተ። እማየ ከብቱን ጥለው የት ይሂዱ? አስታማሚው እኔ ሆንኩ። አባየን ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ሾርባ ይቅመሱ እያልኩ ስለምን ፈተናው አለፈ። የደረሰ ጤፋችን ግን ማሳ ላይ አልቀረም። የመንደሩ ሰው ማንም ሳይጠራው ደቦ ወጥቶ አጨደልን። እግዜር ይስጣቸው፤ እስካሁን «እኛ ነን ያጨድነው» ያለ አንድ ሰው የለም።

የማደሪያ ጓደኛዬ ደወለ። ፈተናውን የሰጡት መምህር አንተነህ «ይበልጣል የት ሄደ?» ብለው ነበር አለኝ። ምን አልካቸው ስለው፣ «ደኅና ነው አልኳቸው» አይለኝም? እሱም የእኛው አገር፣ የፈረስ ቤት ልጅ ነው፤ ምን ይደረግ?

አባየ ሲሻላቸው ተመለስኩና መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ጤንነታቸውን ጠየቅሁ። የልጆቻቸውን ጤንነት ጠየቅሁ። ስለ ዝናቡም ትንሽ ተጨዋወትን። በመጨረሻ ራሳቸው ችግር ገጥሞህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። «ኧረ ምንም» አልኩና እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ፈተናው ያለፈኝ ትምህርት የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ከወደቅሁ ዓመቱን ሙሉ ቤት ልቀመጥ ነው። አባየ ደግሞ በሕመማቸው መሀል እንኳ የሚያወሩት ስለ ምርቃቴ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ለአክስቴ ደወልኩ። እትየ ስመኝ የአባየ ታናሽ እህት ናቸው፤ ጅጋ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ። ለእሳቸው እንኳ የደወልኩት ስለ አባየ ቁስል ልጠይቅ ነበር። ከድምፄ አወቁብኝና ፈተናው እንዳለፈኝ አወጣጡኝ።

በማግስቱ ገበያቸውን ዘግተው፣ በሚኒባስ ቡሬን አልፈው ዩኒቨርሲቲው ድረስ ከተፍ አሉ። እጄን ይዘው መምህሩ ቢሮ አስገቡኝ። የበርበሬው ብናኝ ነጠላቸው ላይ ነበርና መምህሩ ሰላምታውን ሳይጨርሱ አነጠሱ። እትየ ስመኝ «ይማርዎ» አሉና እዚያው ላይ ቀጠሉ።

«የኔ ጌታ፣ ይኸ ልጅ አይናገርም። አባቱ ሞት አፋፍ ደርሰው ሲያስታምም ነው የከረመ። ይለፍልኝ አልልዎትም። ይፈተንልኝ ነው የምልዎት።»

እኔ መሬቱን አያለሁ።  መምህሩ እኔን ሳይሆን አክስቴን እያዩ፣ እሳቸውም ተማሪ ሳሉ እናታቸውን ቀብረው በማግስቱ እንደተፈተኑ ነገሯቸው። ለማንም አልተናገሩም። ወደቁ፤ ዓመቱንም ደገሙት። ወደ እኔ ዞሩና፦

«ይበልጣል፣ ለዚህ እኮ ሥርዓት አለ። ሥርዓቱ ግን ልብ አያነብም» አሉኝ።

የሆስፒታል ማስረጃ አምጣ አሉኝ። ኪሴ ውስጥ ነበር። ባለፈው ጤንነታቸውን ስጠይቅም ኪሴ ውስጥ ነበር! እትየ ስመኝ አዩኝ። እንዲያ ያለ አስተያየት ጠላቴን አይግጠመው።

ጉዳዩ ለትምህርት ክፍሉ ቀርቦ ተፈቀደና ብቻዬን ተፈተንኩ። ርኅራኄ ያለው ቀኑ ላይ ብቻ ነው፤ ጥያቄዎቹ ላይ አንዳችም የለም። ሲ ፕላስ አመጣሁ። አለፍኩ። ያን ዕለት ለመምህሩ ማመስገኛ ቃል ብፈልግ አጣሁ። ምስጋናም ለካ እንደ ችግር አፍ ይፈልጋል።

ኋላ መምህር አንተነህ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፉ ጅጋ ላይ ለምነን አስወረድናቸው። አባየ በምርኩዝ መንገድ ዳር ድረስ ወጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ወገባቸው እስኪያማቸው መረቁ። ልጆችዎ ይደጉ፣ እህል ውኃዎ አይጉደል፣ ክፉ አይንካዎ። መምህሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም አላስቻለኝም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እኔ ላይ የቀረ ነገር የለም፤ የተናገሩልኝ ሰዎች አሉና።

መምህሩ ወደ መኪናው ሊገቡ ሲሉ አባየ ክንዳቸውን ያዝ አደረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ከሰው ቆሎ ለምነው የማያውቁ ሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«አንዲት ነገር ላስቸግርዎ። ያችን ሲ የሚሏትን፣ ከተቻለ፣ ትንሽ ከፍ ቢያደርጓት?»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መምህሩ እስኪደክማቸው ሳቁ። ውጤቴ እስከ ዛሬም ሲ ፕላስ ነው። አጠገባችን የቆሙት እትየ ስመኝ ግን ፊታቸው በኩራት በርቷል። ወንድማቸው፣ በስተርጅና፣ አፍ ፈቱ።