የጋሼ ሰማሁ ጆሮ

በዓለም ላይ «ሰማሁ» የሚል ሰው ሁሉ አንድ ነው፤ አይሰማም። የሚሰማ ሰው «እ?» ይላል፣ «ምን አልሽ?» ይላል፣ ግራ ይጋባል። «ሰማሁ» ባይ ግን በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የከተተ ሰው ነው። እንዲህ ያለው በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም፤ ለአንዲት የስቱዲዮ ድምፅ ባለሙያ የደረሳት ግን ቁንጮው ነው፤ የቀጥታ ስርጭት ሊቀ ጠበብት፣ የስቱዲዮው ወንበር ባለርስት፣ ፕሮግራም አቅራቢው ክቡር ጋሼ ሰማሁ።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ጋሼ ሰማሁ ጆሯቸው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ይሰካሉ። በእሱ የፕሮግራሙ ድምፅ ይሄድላቸዋል፤ አዘጋጁ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ አዝራር ሲጫን ያ ድምፅ ዝቅ ይልና የአዘጋጁ ትእዛዝ ይገባል፤ ሲለቀው ይመለሳል። እሷ የድምፁን ልክ የሚያሳዩትን መብራቶች እያየች፣ እሳቸው ጆሮ የሚደርሰውን ሁሉ በራሷ ጆሮ ትከታተላለች። ስለዚህ ትእዛዝ መድረሱን የምታውቅ እሷ ናት። ከደረሰ በኋላ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ግን ፈጣሪ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይሰማል?» ትላለች ከስርጭት በፊት።

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ!»

«ገና አሁን ነው የጠየቅኩዎት።»

«እሱንም ሰማሁ።»

«ወደ ስፖርት ይለፉ» ሲባሉ ስለ አየር ሁኔታ ያብራራሉ። «እንግዳው ቀርተዋል» ሲባሉ ባዶውን ወንበር «እንኳን ደህና መጡ» ይሉታል። አዘጋጁ ፀጉሩን ይነጫል። እሷ መንጨቱን ከተወች ቆየች፤ የምትነጨው አልቆባታል።

አንድ ጊዜ እሳቸው ከደጅ ሲያስተላልፉ ጥፋቱ ከእሷ ሆነ። ከደጅ ለሚያቀርብ ሰው የራሱ ድምፅ ተቀንሶ የሌላው ብቻ ነው የሚላክለት፤ እሷ መቀነሱን ረሳችው። የገዛ ድምፃቸው ዞሮ፣ ትንሽ ዘግይቶ ጆሯቸው ይገባ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ምላሱ ይተሳሰራል፣ ማዳመጫውን ነቅሎ ይወረውራል። ጋሼ ሰማሁ ግን አንድ ነገር ተናገሩ፣ ቆሙ፣ በአክብሮት አደመጡ፣ «ልክ ነው!» ብለው ቀጠሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ አቋርጠው የማያውቁት ተናጋሪ ያ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ መረራት። «ከእንግዲህ አንድ ትእዛዝ ቢያልፋቸው ከወንበሩ ይነሣሉ» አለች። ጋሼ ሰማሁ ከዚያ ወንበር ሌላ ሥራ አያውቁም፤ ቤታቸውም የሚጠብቃቸው ሰው የለም።

«ጋሼ፣ በእናትዎ» አለቻቸው የድምፅ ባለሙያዋ ማዳመጫውን እየሰጠቻቸው፣ «ዛሬ እንኳ ይስሙ። ሊያስነሡዎት ነው።»

«ሰማሁ እቴ፣ ሰማሁ።»

ያን ጊዜ ነገሩ እንዳከተመለት ገባት።

የዕለቱ እንግዳ ልጇን ትምህርት ቤት በር ላይ መኪና የገጨባት እናት ነበረች። መሐል ላይ ቃል አነቃት፤ ፊቷን በእጇ ሸፍና ዝም አለች። ስርጭቱም ዝም አለ። አዘጋጁ አዝራሩ ላይ ወጣበት። «አመስግነው ያሰናብቷት! ጋሼ! ዝምታ እኮ ነው የምናስተላልፈው! ኧረ ጋሼ!» መብራቶቹ ቀሉ። ድምፁ ጥርት ብሎ ደረሰ፤ የድምፅ ባለሙያዋን ጆሮ እንኳ አደነቆረው።

ጋሼ ሰማሁ እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ። ማዳመጫው የተያያዘበት፣ ከጠረጴዛው ሥር ገመድ የሚመጣለት ትንሽ ሳጥን እዚያ ነው፤ ላዩ ላይ የድምፅ መቀነሻ አለ። ቀስ አድርገው እስከ ጥግ ዝቅ አደረጉት። አዘጋጁ በጩኸቱ ተጠምዶ አላየም፤ ባለሙያዋ አየች። ከዚያ የውሃውን ብርጭቆ ወደ እናቲቱ አስጠጉና ጠበቁ። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ «የእኔስ አለፈች» አለች። «ለሌሎቹ ልጆች መሻገሪያ ይሠራላቸው። ይህን ልናገር ነው የመጣሁት።»

ስርጭቱ እንዳበቃ ኃላፊዋ በሩን በርግዳ ገባች። «ትእዛዙ ጆሯቸው ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

አዘጋጁ ወደ ድምፅ ባለሙያዋ ዞረ።

«አልደረሰም» አለች። «ገመዱ ተበጥሷል።»

«ተበጥሷል? እሺ፣ ቴክኒሻኑ ይምጣና ይየው።»

ቴክኒሻኑ ሳይደርስ የሽቦ መቁረጫዋን ይዛ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ጋሼ ሰማሁ መጥተው ከላይ ቆሙ።

«እዚያ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የተበጠሰውን ገመድ።»

«አላልኩም? ገመድ ነው፣ ገመድ ነው እያልኩ ስንቴ ጮህኩ! እኔ እኮ ጆሮዬ የጥንቸል ነው። ቆይ ላብራልሽ።»

የስልካቸውን መብራት አብርተው ስለ ገመድ አያያዝ ያስተምሯት ጀመር።

«ወደዚህ ጋሼ፣ ከእግርዎ ሥር» ብትላቸውም ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደተተከለ ቀረ። በጨለማው ዳብሳ ገመዱን አገኘችና በመቁረጫው ያዘችው።

«ቀስ በይ» አሏት ከላይ፣ «ደህናውን እንዳትቆርጪው።»

ቆረጠችው።