የአቶ ሽሻይ ሰባራ ንብረቶች

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው አንድ ቀይ ቁጥር ነበር። የተጻፈው በወረቀት መጣያ ቅርጫት ላይ ነው። ቅርጫቱ ግን ታቹ ክፍት ነው፤ የጣልኩት ወረቀት እግሬ ሥር አረፈ። ደነገጥኩ። ለዚህም ቁጥር ሰጥቶ የሚጠብቀው ሰው አለ ማለት ነው።

በአገራችን ቢሮ ባለበት ሁሉ ንብረት ክፍል አለ፤ ንብረት ክፍል ባለበት ሁሉ ደግሞ ምንም ነገር እንዳይጣል የተሾመ አንድ ሰው አለ። ያለቀውን እስክሪብቶ ሳታስረክቡ አዲስ አይሰጣችሁም። ሰሜን ክፍለ ከተማ ባለው የእኛ እብነ በረድ ፋብሪካ ይህን ዙፋን የያዙት ክቡር አቶ ሽሻይ ናቸው፤ የሰባራ ወንበሮች አባት፣ የተቃጠሉ ሞተሮች ባለአደራ። መፈክራቸው አንድ ቃል ነው፦ «ይቆይ።» አንድ ቀን የተሰነጠቀ ኩባያ ልጥል ስል ከየት እንደመጡ ሳላያቸው ከእጄ ወስደውታል።

እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ እዚህ የተቀጠርኩት ግን ለግጥም አይደለም። ፋብሪካው ወደ አዲሱ ዓለም አቀፍ የሒሳብ አሠራር ስለሚሸጋገር፣ መመሪያውን ሰው በሚገባው አማርኛ እንድጽፍ ነው። ባንኩ በአዲሱ አሠራር የተዘጋጀ ሪፖርት ካላየ አላበድርም ብሏል። ብድሩ ከሌለ ከጦርነቱ ወዲህ የተዘጋው የድንጋይ መቁረጫ አዳራሽ አይከፈትም፤ ቆራጮቹም እቤታቸው እንደተቀመጡ ይቀራሉ። የማይሠራው ዕቃ ከመዝገብ ካልወጣ ደግሞ ሪፖርቱ አያልቅም። ለዚያ የአቶ ሽሻይ ፊርማ ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ የመጣው አማካሪ ሔሩይ ሥልጠና ሰጠን። ንብረት ማለት ወደፊት ጥቅም ያስገኛል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር ነው አለ። ክው አልኩ፤ የሒሳብ ሰዎች ስለ ተስፋ እንደሚጽፉ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አቶ ሽሻይ ግን ተነሥተው አጨበጨቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህንኑ ሲናገሩ ሰሚ እንዳላገኙ፣ ፈረንጅ እስኪደርስበት ድረስ መዘግየቱ ብቻ እንዳሳዘናቸው ገለጹ። በማግስቱ መጋዘኑን ገልብጠው ግቢው ላይ ደረደሩት፦ እጀታ የሌለው ጋሪ፣ ጥርሱ ያለቀ መጋዝ፣ ስሙ የማይታወቅ ብረት። ከሁሉም ጥቅም ስለምጠብቅ ሁሉም ይመዝገብልኝ አሉ።

ሔሩይን ላብ አጠመቀው። ከዚህ ብረት ምን እንደሚጠብቁ ቢጠይቃቸው «አንተን ምን ቸገረህ፤ የምጠብቀው እኔ» አሉት።

ሁላችንም ስንስቅ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አስካለማርያም ደረሱ።

«አቶ ሽሻይ፣ ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ምን ይሠራልናል?»

አቶ ሽሻይ እጀታ የሌለውን ጋሪ በእጃቸው ዳበስ አደረጉ።

«ከጦርነቱ ስንመለስ ደህና ደህናው ሁሉ ተወስዷል። ሰባራውን ማንም አልፈለገውም። የጠበቀኝ እሱ ብቻ ነው። ዛሬ እኔ ላባርረው?»



ወይዘሮ አስካለማርያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ቆራጮቹም እኮ እየጠበቁህ ነው።»

አቶ ሽሻይ መሬት መሬት እያዩ ከመዝገብ የሚወጡትን ዕቃዎች የዘረዘርኩበትን ወረቀት እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። ከየዕቃው ፊት «ይሰረዝ» ብዬ ጽፌ ነበር። አነበቡና መለሱልኝ።

«ጓለይ፣ እንዲህ አይባልም» አሉኝ፤ ለወጣት ሴት ሁሉ «ልጄ» የሚሉት በትግርኛ ነው። «ያገለገለ ይሰረዛል እንዴ? ‹ይሰናበት› በይ።»

ሔሩይ እንዲህ ያለ ቃል በአሠራሩ ውስጥ የለም ሊል አፉን ከፈተና ተወው። እኔም ሁሉንም ቀየርኩ፤ ስሙ የማይታወቀው ብረት ሳይቀር በክብር ተሰናበተ። እስከ ዛሬ በእጄ ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው ያን ገጽ ነው፤ ግጥሙ ግን የእሳቸው ነው።

ፈረሙ። ላመሰግናቸው ስል ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ መቁረጫው አዳራሽ መንገድ ጀምረዋል። የዛገውን በር በትከሻቸው ሲገፉት ጩኸቱ እቆምኩበት ድረስ ተሰማ።