የስንዱ ድሪልና የእኛ ደቦ

«ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ይላሉ አባቶች። ምክሩ ለክፉ ሰው የተነገረ መሆኑን አውቃለሁ። ለደጉ ሰውስ ምን ተባለ? ጎረቤቱን ሊጥልበት ሳይሆን ጓሮውን ሊያጥርበት ጉድጓድ ለሚምስ ምስኪን ማን መከረ? ማንም! አባቶቻችን ስለ ጥልቀቱ ይኼን ያህል ሲጨነቁ ስለ ስፋቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ተንፍሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ያን ዕለት በሰፈሩ ሁሉ ፊት እንደዚያ አላፍርም ነበር።

የሌላው ሰው ልጅ ከዐረብ አገር ሲመለስ ብርድ ልብስ ያመጣል። ቴሌቪዥን ያመጣል። የባሰበት ለእናቱ የወርቅ ሐብል ያመጣል። የእኔዋ ስንዱ ጉድጓድ መቆፈሪያ ይዛ መጣች።

ሻንጣዋ ሲከፈት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር፤ በእኛ ሰፈር ሻንጣ ብቻውን አይከፈትም። ከላይ ሻሽ ወጣ፣ ሽቶ ወጣ፣ ሳሙና ወጣ። እኔም አንገቴን አስግጌ ወደ ታች ወደ ታች ሳይ፣ በፎጣ የተጠቀለለ፣ እንደ አጋዘን ቀንድ የተጠማዘዘ ረጅም ብረት ብቅ አለ። ተከትሎም ሽጉጥ የሚመስል፣ ድሪል የሚባል የባትሪ መብሻ። አያ ታደገ፣ ጓሯችን የሚዋሰን ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው አንስተው አገላብጠው አዩና፣ ስንዱዬ ይኼ የሥጋ መፍጫ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ጊዜው የፋሲካ ሰሞን ስለነበር ጥያቄያቸው ውስጥ ትንሽ ተስፋም ነበረበት።

ስንዱ አስረዳች። የሠራችበት ቤት አትክልተኛ ነበረው፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆና ታየው ነበር። ብረቱን ድሪሉ አፍ ላይ ይገጥማል፣ መሬት ላይ ያቆመዋል፣ በጣቱ ይጫናል፣ ዝርርር! ጉድጓድ። አበባውን ይተክልና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ላብ የለ፣ ዶማ የለ፣ «ወገቤን» ብሎ ነገር የለ። ያን ጊዜ፣ አንድ ቀን ለራሴ እገዛለሁ ብላ በልቧ ያዘች። ልጅ ከሰው አገር ምን ይዞ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? የኔዋ ምኞቷን ይዛ በመመለሷ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማታ ለብቻችን ስንሆን ግን ሌላውን ነገረችኝ። «እማዬ፣ ጓሮው ላይ አፕል እተክላለሁ። ከሆነልኝ እዚሁ እቀመጣለሁ። ካልሆነልኝ ከመስቀል በኋላ እመለሳለሁ፤ እዚያ ነይ እያሉኝ ነው» አለች። እናቶች፣ እስቲ ፍረዱ። የልጅሽ መቅረትና መሄድ በችግኝ ሥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲነገርሽ ምን ትያለሽ? እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩና በልቤ ወደ ኪዳነ ምሕረት ዞር ብዬ፣ እመቤቴ፣ የአፕሉን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ የምለምንሽ ልጄን ነው አልኳት።

አፕል ለመትከል ታዲያ መጀመሪያ አጥር ያስፈልጋል። አጥር የሚያስፈልገው ደግሞ ስለ አያ ታደገ ፍየሎች ነው። አያ ታደገ ደግ ሰው ናቸው፤ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ቤቴን ደግፈው ያቆሙ እሳቸው ናቸው። ፍየሎቻቸው ግን ደግነታቸውን አልወረሱም። በተለይ ያ ወጠጤ፣ ዛሬ የጎመኑን ቅጠል ጨርሶ ነገ ሥሩ እንዴት አደረ ብሎ ሊጠይቅ የሚመጣ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ አጥሩን ብቻውን የሚያጥር ሰው ወይ ከሰው የተጣላ ነው ወይ ሊጣላ ያሰበ ነው። አጥር በደቦ ነው የሚታጠረው። ጠላ ትጠነስሻለሽ፣ ሰፈሩን ትጠሪያለሽ፣ ወንዱ ዶማና ዲጂኖውን ይዞ ይመጣል። ሲቆፍር ይውላል፣ ሲጠጣ ያመሻል። እሱም በተራው ሲጠራሽ ከቤትሽ ሰው ትልኪያለሽ፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ይኼን ለስንዱ ስነግራት ሳቀች። ለዚያ ሁሉ ሰው ስልጆ ከምትበጠብጪ ይቺ ማሽን ግማሽ ቀን አይፈጅባትም፣ ጠላ አትጠጣ፣ ወሬ አታወራ አለችኝ። እኔ ግን ጠላውን ጠንስሼ፣ ሰዉንም ጠርቼ ነበር። የተጠነሰሰ ጠላ ደግሞ «ሐሳባችንን ለውጠናል» ቢሉት የሚሰማ አይደለም። እንግዲያው ሁለቱም ይሥሩ አልኩ። አንዱ በባትሪ፣ አንዱ በጠላ። ምን ችግር አለው?

የባትሪዋ ነገር ብቻውን አስጨንቆኝ ነበር። ደቦው የተጠራው ለሰኔ ሚካኤል ማግስት ስለሆነ፣ ባትሪዋ የምትሞላው በበዓሉ ዕለት ሊሆን ነው። በሚካኤል ምድር አይቆፈርም። ለመቆፈሪያዋ ኃይል መሙላትስ? ሥራ ነው ወይስ ዕረፍት? ትስቁብኝ ይሆናል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ በሬም እኮ በሚካኤል ዕለት ጭድ ይበላል፤ እስካልተጠመደ ድረስ ምን ኃጢአት አለበት አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ባትሪዋን ሰካኋት። ቀይ መብራቷን አብርታ ስትመገብ ደስ እያለኝ አየኋት።

በማግስቱ ስንዱ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነሣች። ገመድ ወጠረችና ሥራዋን ጀመረች። እዚያ ዐረብ አገር አሸዋ ነው፤ እዚህ ደግሞ ደብረ ታቦር ነው። ቢሆንም ዝናቡ አፈሩን አለስልሶላት ነበር። ደቦው ጸሎቱን አድርሶ፣ ከብቱን አሰማርቶ እስኪመጣ ድረስ ጓሮው ዳር እስከ ዳር ተበሳስቶ ጠበቀው። እንዴት ያለ ጉድጓድ መሰላችሁ! ክብ፣ ጠርዙ በምላጭ የተላጨ የሚመስል፣ እንደ ተማሪ የተሰለፈ። አፈሩ እንኳ እንደ ተነፋ ዱቄት አጠገቡ ተከምሯል። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ጨዋ ጉድጓድ አይቼ አላውቅም።

ደቦው ዶማውን እንደተሸከመ ገብቶ ቆመ። የሚቆፈር የለም። የደቦው አለቃ አያ ታደገ ናቸው። አጎንብሰው አንዱን ጉድጓድ አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ፣ ቀና አሉና፣ ስንዱ ስንት ፍልፈል ቀጥረሽ ነው አሉ። ወንዱ ሳቀ። ስንዱም ሳቀች፤ ኩራት ላይ ስለነበረች ቀልዱን እንደ ምርቃት ነው የተቀበለችው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ ሥራው ካለቀ እኛ ምን እናደርጋለን? ሳንሠራ ከጠጣን ደቦ መሆናችን ቀርቶ ለማኝ መሆናችን ነው። ደህና ዋይ» ብለው ለመሄድ ተነሡ።

ጉድ በሉ! ጠላው ጎንቦውን ሞልቶ፣ ስልጆው ተበጥብጦ፣ ሰፈሩ በክብር ተቀይሞ ሊወጣ ነው። ኧረ ቋሚውን ትከሉልን፣ ቋሚ መትከልስ ሥራ አይደለም ወይ ብዬ እጃቸውን ይዤ ለመንኩ። እሱስ ልክ ነው ተባለ። ዶማው ከትከሻ ወረደ። ሁለት ጎበዞች አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ቋሚ ተሸክመው መጡና ጉድጓዱ ላይ አቆሙት። አልገባም። አዞሩት። አልገባም። ብርሌ አፍ ላይ እንደተቀመጠ ሎሚ ጉብ ብሎ ቀረ። ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ሄዱ፤ እሱም ያው። ሦስተኛውም የወንድሞቹ ወንድም ነው።

ለካ የስንዱ ብረት የአበባ ነው። አበባ ደግሞ ወገቡ ቀጭን ነው። እኛ ጋ ቋሚው አስቀድሞ መሬት ላይ ይጋደማል፣ ቆፋሪው ግንዱን በስንዝር ለክቶ በልኩ ይቆፍርለታል፤ ለእያንዳንዱ ቋሚ የራሱ ጉድጓድ አለው፣ እንደ ጫማ። ስንዱ ለሁሉም አንድ ቁጥር ጫማ ሰፍታለታለች፤ እሱም የሕፃን ቁጥር።

አያ ታደገ እንዲህ ያለውን ዕድል የሚያሳልፉ ሰው አይደሉም። ዱላቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰደዱት፤ ልክክ ብሎ እስከ እጀታው ገባ። «እንዴ! ለካ የዱላ ማስቀመጫ ኖሯል! ልጄ፣ ዐረብ አገር አጥር የሚታጠረው በሽማግሌ ዱላ ነው?» አሉ። ሳቁ ጓሮውን አልፎ መንገድ ላይ ባጃጅ አስቆመ። አንዱ ቀበል አድርጎ፣ የለም አያ፣ የፍየሎችዎን እግር እንዲይዝ የተሠራ ወጥመድ ነው አለ። ሌላው ደግሞ፣ ነጭ ሽንኩርት ትከይበት ስንዱ፣ አምሮ ይወጣል አለ።

በዚህኛው ስንዱ አልሳቀችም። ድሪሏን ጉድጓዱ ዳር አስቀመጠችና ወደ ቤት ገባች። በመስኮት አየኋት። ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ እያወረደች ነው።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ አጥሩም፣ ጠላውም፣ የሰፈሩ ቅያሜም ምኔም አልነበረም። ልጄ በዱላ ቀልድ ልትሄድብኝ ነው። አያ ታደገን ልቆጣ? እሳቸውን ማን ይቆጣል? እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረችኝ ትዕግሥት ናት። ትዕግሥት ደግሞ አልፎ አልፎ ትንሽ ተንኮልም ታስተምራለች። ጠጋ አልኩና በለሆሳስ፣ እውነትዎን ነው አያ፣ የሴት ክንድ ሆኖባት እንጂ ማሽኗስ ሰፊም ታወጣ ይሆናል፣ አንቱ ይዘዋት ቢሆን ኖሮ... አልኳቸው። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። የእኛ አገር ወንድ ያልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር ካገኘ ራሱ ይጨርሰዋል።

አያ ታደገ ጋቢያቸውን አውልቀው ለአንዱ ጎበዝ አቀበሉ። ማውለቃቸው የእግዚአብሔር ጥበብ ነው፤ ባያወልቁት ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ወግ ባልሆነ። ድሪሏን እንደ እርፍ ጨብጠው፣ እግራቸውን ከፍተው ቆሙና ተጫኑ። ዝርርር! መሬቱ ተበሳ። ፊታቸው በራ። ገፋ አደረጓት። ያ ቦታ ግን ድሮ ዋንዛ የነበረበት ነው፤ ዋንዛው ከተቆረጠ ቆይቷል፣ ሥሩ ግን ወሬውን አልሰማም። ብረቱ ሥሩን ነከሰና ቀጥ አለ። ጣታቸው እንደተጫነ ነው። እንግዲህ አንድ ነገር መዞር አለበት። ብረቱ እምቢ ካለ ማን ቀረ? አያ ታደገ ዞሩ።

ሲዞሩም ዝም ብለው አይደለም። «ኧረ በሚካኤል! ያዙኝ! አይ፣ እሷን ያዙልኝ!» እያሉ ነው። ጎበዞቹ ማንን እንደሚይዙ ግራ ገባቸው። ኮፍያቸው ወደ ጎመኑ በረረ። ስንዱ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ወጣችና፣ አያ ጣትዎን፣ ጣትዎን ይልቀቁ ብላ ጮኸች። ለቀቁ። እሳቸውም ማሽኗም ጭቃው ላይ እኩል አረፉ።

ሽማግሌ በወደቀበት አይሳቅምና ሁላችንም ሳቃችንን ውጠን ቆምን። መዋጡ እንዴት እንደሚያም የዋጠው ያውቀዋል። አያ ታደገ ተነሡ፣ ጭቃቸውን አራገፉ፣ ማሽኗን ትኩር ብለው አዩና፣ «ጉልበት አላት። አመል ነው የሌላት። በቅሎ ናት ይቺ! በቅሎ ደግሞ አስቀድማ ካልጣለችህ አትላመድህም» አሉ። ያኔ የተዋጠው ሁሉ ፈነዳ። ስንዱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከተመለሰች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሲስቁ የቆዩ ሰዎች ሥራ አያቅታቸውም። ስንዱ ተነሣችና ከአንዱ ጉድጓድ አጠገብ ሌላ በሳች፣ ከእሱ አጠገብ ደግሞ ሌላ። ሦስቱ ሲጎራበቱ አያ ታደገ በመካከል የቀረውን አፈር በዲጂኗቸው አንዴ ነኩት፤ ተደረመሰ። ቋሚው መጣ። ገባ! እልልታዬን ለቀቅሁት። ከዚያ ወዲያማ እሷ ትበሳለች፣ እሳቸው ይንዳሉ፣ አንዱ አፈር ያወጣል፣ ሌላው ቋሚ ያቆማል፤ አንደኛው ቀልድ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። የሐዋርያት ጾም ነበርና ሰዓቱ እስኪደርስ ማንም ጠላ አልቀመሰም። ሲደርስ ግን አጥሩ ቆሟል፣ ጠላውም በክብር ተጠጣ። ለአፕል ችግኞቹ ደግሞ አንድ አንድ ጉድጓድ በቃቸው፤ እነሱም እንደ አበባው ወገበ ቀጭን ናቸው።

ጭንቁ ያለፈ መስሎኝ ነበር። የደቦ ጉልበት ግን ይመለሳል። ድሮ ከቤቴ አንድ ሰው ብልክ ይበቃ ነበር፤ አሁን ሁሉም የሚለው «ስንዱን ከነበቅሎዋ» ሆነ። የመጀመሪያው ጠሪ አያ ታደገ ራሳቸው ሆኑ። ቀጥሎ አንበሳሜ ያለችው እህታቸው አጥር ልታሳጥር ነው ተባለ። ከእሷ ቀጥሎ ወንዛዬ ያሉት አማቾቿ ሰሙ። የሠርግ ዳስ ቋሚ፣ የጌሾ ችግኝ፣ የበር መቃን፣ ብቻ መሬት መበሳት ያማረው ሁሉ ሰው ላከ። እንዲህ ሆኖ መስቀል ደረሰ። እመለሳለሁ ያለችበት ጊዜ ነው። ስንዱ ጭቃ የነካ ቀሚሷን እያጠበች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ እማዬ እንዴት አድርጌ ነው የምሄደው፣ የስንት ሰው ጉድጓድ አለብኝ እኮ አለችኝ። ኪዳነ ምሕረት ደጅ ሄጄ በግንባሬ ወድቄ አመሰገንኩ። ልጄ ቀረችልኝ።

ቀረችልኝ ስል ታዲያ አገር ውስጥ ማለቴ ነው። አፕሉን የማጠጣው እኔ ነኝ። ዐረብ አገር ሳለች በየቀኑ እየደወለች እማዬ ምን በላሽ፣ ጉንፋኑ ተወሽ ወይ ትለኝ ነበር። አንበሳሜ ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ ስለጠፋ ትናንት እኔው ደወልኩላት። ስልኩን ያነሱት አያ ታደገ ናቸው፤ ድሪሏ በሄደችበት ሁሉ እሳቸውም አይቀሩም። ልጄን ያገናኙኝ አልኳቸው። «ስንዱ ሥራ ላይ ናት፤ ከፈለግሽ ተራ ልያዝልሽ» አሉኝ።